የጨረቃ ፍርስራሽ ስንት ገልባጭ ይወጣዋል

ሐርጌሳ፣ መሐመድ ሞጌ ሰፈር
ጥቅምት 18 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለልጅ ልጄ ለሂዳያ ሙሰዓብ
ኮምቦልቻ

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።

ከሁሉ አስቀድሜ ለመላው ቤተሰብ፣ ለወዳጅ ዘመድና ለኮምቦልቻ ከተማ ነዋሪ በሙሉ የሚከተለውን መርዶ በታላቅ ሐዘን አስታውቃለሁ። ስድሳ አምስት ዓመት ሙሉ በላይኛው ድዴ ላይ በቅንነት ያገለገለው የፊት ጥርሴ በረመዳን አሥራ አራተኛው ቀን፣ ልክ መግሪብ አዛን ሲባል፣ የመጀመሪያዋን ተምር እንደነከሰ ከዚህ አፍ ተለይቷል። ተምሯን ከነጥርሱ ስለዋጥኳት ቀብር አልነበረም። ለቅሶ ለመድረስ ያሰባችሁ ካላችሁ እዚያው ቁጭ በሉ። ከጎኑ ያለውም ዕቃውን እየሸከፈ ነው።

ደብዳቤሽን አቻምየለህ ሾፌሩ አድርሶልኛል። ሦስት ቅጠል ሙሉ ጽፈሽ ስለ ጤናሽ አንድ መስመር፣ ስለ እናትሽ ግማሽ መስመር፤ የቀረው ሁሉ ስለዚያ ፀጉሩ እንደ ጃርት ስለቆመው የጃፓን ካርቱን። በዓረብኛ ተተርጉሞ በዲሽ ስለሚመጣ ይገባኛል ብለሻል። ቁርኣን ቤት የተማርሽው ዓረብኛ ጨረቃ ስትሰበር ለመስማት መዋሉ ደስ ብሎኛል። ሼኽሽ ይህን ሳይሰሙ በመሞታቸው አላህ ምን ያህል እንደወደዳቸው አሁን ገባኝ።

ሐድራን የሚባለው ጀግናሽ በአንድ መዳፉ ጨረቃን አፈረሰ አልሽ። አንቺና ጎረቤትሽ ጣይባም ቁጭ ብላችሁ፣ ስፋቷን ለክታችሁ፣ ድንጋዩ በስንት ቅጽበት እንደተበተነ ቆጥራችሁ፣ ጉልበተኛውን ሁሉ በደረጃ መድባችኋል፤ ቤት አፍራሽ፣ ከተማ አፍራሽ፣ ተራራ አፍራሽ፣ ጨረቃ አፍራሽ፣ ፀሐይ አጥፊ፣ እያለ እስከ ዓለም ጨራሽ። ዕድሜሽ አሥራ ዘጠኝ ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤትሽ ለምን እንደዚያ እንደሆነ እናትሽን ስጠይቃት ወሬ የለወጠችብኝ ለዚህ ኖሯል።

አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ። ማን ጠረገው?

እኔ በዚህ ከተማ የፈረሰ ቤት ስገምት ስምንተኛ ዓመቴ ነው። ባለቤቱ ከለንደን ወይ ከጅዳ ይመለሳል፣ ጣራ የሌለው ቤቱ ፊት ቆሞ ያለቅሳል። እስኪጨርስ እጠብቅና ዞሬ አይቼ፣ "ፍርስራሹ አሥራ አንድ ገልባጭ ይወጣዋል፤ የምሥራቁ ግድግዳ ይቆያል፤ የቀረው ይውረድ" እለዋለሁ። ባለ ሁለት ክፍል ቤት አሥራ አንድ ገልባጭ ነው። የጨረቃሽ ፍርስራሽ ስንት ይወጣዋል? የትስ ይደፋል? ማፍረስማ ማንም ባለጌ ያፈርሳል።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። እዚህ ነይልኝ። የሜትሩን አንድ ጫፍ የሚይዝልኝ፣ ቁጥሩን የሚያነብልኝ ሰው ያስፈልገኛል። እናትሽ ጅዳ ሰው ቤት ልትቀጥርሽ ፓስፖርት እያስወጣችልሽ መሆኑን ሰምቻለሁ። የባዕድ ምንጣፍ ከምታራግፊ የአያትሽን ሜትር ያዢ። ለእናትሽ ለፋይዛም ንገሪልኝ፤ ልጄን ያበላችው ወጥ ትዝ ቢለኝም ቂም አልያዝኩባትም።

መነጽርም ላኪልኝ። ከበፊቱ ጠንከር ያለ።

አላህ ከጦርነት፣ ከወረርሽኝና ከካርቱን ይጠብቅሽ።

አያትሽ ሲራጅ


ኮምቦልቻ
ኅዳር 20 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለተከበሩ አያቴ ለአባባ ሲራጅ

ወዓለይኩሙ ሰላም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ዘግይቼም ቢሆን እንኳን ለኢድ አደረስዎ። ፆምዎን አላህ ይቀበልዎ፤ የጥርስዎን ምትክም በጀነት ይስጥዎ። ጣይባ መርዶውን ሰምታ "ተምሯ ግን ተረፈች ወይ?" ብላ ጠይቃለች።

ጥያቄዎን ሠርቼዋለሁ። አንድ ገልባጭ አሥር ቶን ቢይዝ፣ ለጨረቃ ፍርስራሽ ሰባት ብለው አሥራ ስምንት ዜሮ ያስከትሉበት። የሐርጌሳ ገልባጭ ሁሉ ተሰልፎ በቀን አሥር ጊዜ ቢመላለስ ሳይጨርስ ፀሐይ ራሷ ትጠፋለች። የት እንደሚደፋ ግን አላወቅኩም። እርስዎ አሸንፈዋል።

ቢሆንም አንድ ነገር አልተረዱልኝም። እኛ የምንገምተው እንዲሁ አፋችን እንዳመጣልን አይደለም፤ ሕግ አለን። ጉልበት የሚለካው ባፈረሰው ብቻ ሳይሆን አጠገቡ ሳይፈርስ በቀረውም ነው። ኩሞር የሚባለው ክፉው ሰውዬ በሃያኛው ክፍል ላይ ፀሐይ አጥፍቻለሁ ብሎ ሲፎክር፣ እግሩ ሥር የተቀመጠችው ፋኖስ እሳቷ እንኳን አልተወዛወዘም። እኔና ጣይባ ያኔውኑ "ውሸቱን ነው" አልን። አርባኛው ክፍል ላይ ሁሉም ቅዠት እንደነበር ታየ። የሰፈሩ ልጆች ለአንድ ወር አፍረው አላነጋገሩንም።

ስለ መምጣቴ። አባባ፣ እኔ መምጣት እፈልጋለሁ። ጅዳ ከምሄድ የእርስዎን ስድብ እየጠጣሁ ሜትር ብይዝ ይሻለኛል። እናቴ ግን እንዲህ አለች፦ "ባሌን የበላ ቦምብ ወንድም አያጣም።" ሰፈሩ ከቦምብ መጽዳቱን እርስዎ በእጅዎ ጽፈው ካረጋገጡላት ትፈቅድልኛለች። ፓስፖርቴ እስከ የካቲት ይደርሳል፤ ከዚያ በኋላ የሚወስኑልኝ ሌሎች ናቸው።

አንድ ነገር ደግሞ ልጠይቅዎ፤ እንዳይቆጡኝ። አባቴ ሲሞት አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ የነገሩኝም ለልጅ እንደሚነገረው ነው። የገደለው ቦምብ ምን ያህል ነበር? ምን አፈረሰ? ሌሎቹን ሁሉ መድቤ እሱን አለመመደቤ ይከነክነኛል።

መነጽሩን እናቴ መርጣ ገዝታለች። "ወጤን እንዲያይበት" ብላለች።

ዱዓዎ አይለየኝ።

ልጅዎ ሂዳያ


ሐርጌሳ
ታኅሣሥ 16 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለጨረቃ ጠራጊዋ ለሂዳያ

የአላህ ሰላምና እዝነት በአንቺም፣ በእናትሽም፣ በጣይባም ምላስ ላይ ይሁን።

መነጽሩ ደርሷል። ለጫጩት ታስቦ የተሠራ መሰለኝ፤ እንኳን የፋይዛን ወጥ ድስቷንም አላሳየኝም። ደብዳቤሽን ያነበበልኝ አያንሌ ነው። አያንሌ የዚሁ አገር ልጅ ነው፤ ድሬዳዋ ተምሮ አድጎ ተመልሶ እዚህ ሻይ ቤት ከፍቷል። አማርኛው ከአንቺ ይሻላል፤ ስለ ጥርሴ የጻፍሽውን ለደንበኞቹ ሁሉ ወደ ሶማልኛ ተርጉሞ ነው ያነበበው።

ለፋይዛ የሚነበብ፦ እኔ ሲራጅ ከመሐመድ ሞጌ እስከ 31 ሜይ ሰፈር ድረስ መሬቱ መጽዳቱን አረጋግጣለሁ። ፈንጂ ጠራጊዎቹ ውሻ ይዘው፣ ቀይ ቀለም የተቀባ ድንጋይ እየደረደሩ፣ ስንዝር በስንዝር ለቅመውታል። ዛሬ በዚህ ከተማ ከእኔ ሌላ የሚፈነዳ ነገር የለም። የሙሰዓብ ቦምብ የመጨረሻው ነበር። ተፈጸመ።

ስለ እሱ ጠይቀሻል። መልሱን ስትሰሚ ሐድራንሽን አውርደሽ የጎረቤት ዶሮ ጠባቂ ታደርጊዋለሽ።

ነገሩ በማሕሙድ ሃይቤ ሰፈር በኩል ነው፣ በ1990። እኔና አባትሽ ከመጣን ዓመት ከመንፈቅ ሆኖናል። ፍርስራሽ ጠርገን ለምሳ አረፍን። እሱ ግድግዳ ተደግፎ ተቀመጠ፤ ፔርሙሱን እጁ በሚደርስበት አስቀመጠው፤ እኔ ከፊቱ አምስት እርምጃ ላይ ነበርኩ። ከጦርነቱ የቀረ ቦምብ ከመሬቱ ሥር ተደብቆ አሥር ዓመት ሲጠብቀው ኖሯል። እንደፈነዳ ድምፁ ከከተማው ውጭ ያሉት ሁለቱ ተራሮች ደርሶ ተመለሰ። መሬቱ ላይ የከፈተው ጉድጓድ ግመል ተንበርክኮ ያድርበታል። ሰፈርተኛው ጦርነቱ ተመለሰ ብሎ ልጁን አቅፎ ሮጠ።

የአላህን ሥራ ደግሞ ተመልከቺ፤ እኔን ጭረት አልነካኝም። ፔርሙሱም እንደቆመ ነበር፤ ክዳኑ እንኳን አልወደቀም። ያ ቀይ አበባ ያለበት ቤታችሁ ያለው ፔርሙስ ነው። ከሸሚዙ ጋር ይዤላችሁ የመጣሁት።

እንግዲህ መድቢው። ቢያንስ ከተራራ አፍራሽ በታች እንዳታደርጊው፤ ለአባትሽ አያንሰውም።

አሁን ነይ። ሜትሩ ብቻውን ይጠቀለልብኛል። ሌላ መነጽርም ላኪ፤ ለሰው የተሠራ።

አያትሽ ሲራጅ


ኮምቦልቻ
ጥር 25 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለአባባ ሲራጅ

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላህ። እናቴ ማረጋገጫዎን ሰምታ ፈቅዳ ነበር። ልብሴን ማጠብ ጀምሬ ነበር።

ከዚያ በፊት ግን እንደጠየቁኝ ልመድበው ተቀመጥኩ። ጣይባን አልጠራሁም።

ከጉድጓዱ ጀመርኩ። ግመል የሚንበረከክበት ከሆነ ወርዱ ቢያንስ ሦስት እርምጃ ነው። ያን የሚያህል መሬት የገለበጠ ቦምብ አምስት እርምጃ ላይ የተቀመጠን ሰው ከጭረት አልፎ ሰውነቱንም አይተውለትም። እርስዎ ግን ጆሮዎ እንኳን ደህና ነው፤ የጎረቤት ሐሜት በሦስተኛው ግድግዳ ይሰማሉ። ይህን አልኩና "የአላህ ሥራ ነው ብለዋል" ብዬ ተውኩት።

ቀጥሎ ፔርሙሱን አወረድኩት። እናቴ እስከ ዛሬ ሻይ ትይዝበታለች። የፔርሙስ ሆዱ ብርጭቆ ነው፤ ሰው ጠንከር አድርጎ ሲያስቀምጠው የሚረግፍ። ፈትቼ አየሁት። ብርጭቆው ያው የፋብሪካው ነው፤ ማኅተሙም አለበት። አንድ ስንጥቅ የለውም። የአባቴ እጅ በሚደርስበት ነበር ብለዋል። በኩሞር እግር ሥር የነበረችው ፋኖስ ትዝ አለችኝ።

መጨረሻ ላይ ሸሚዙን አወጣሁ። እናቴ አላጠበችውም፤ ሳጥኗ ውስጥ ነው የሚኖረው። ሰባት ዓመት ሙሉ ደረቱን ነበር የምትስመው፤ ጀርባውን ገልብጣ አይታው አታውቅም። አልተቃጠለም። ብረት አልበሳውም። ከፊት ንጹሕ ነው። ከኋላ ግን ከትከሻ እስከ ወገብ ሲሚንቶና ጭቃ ተጋግሮበታል፤ በጥፍሬ ስፍቀው ረገፈልኝ። ከመሬት ሥር የሚፈነዳ ነገር ከእግር ይጀምራል፣ አባባ። ይህ የመጣው ከጀርባና ከላይ ነው።

ስለዚህ መደብኩት። ተራራ አፍራሽ አይደለም። ከተማም ቤትም አፍራሽ አይደለም። ከዝርዝራችን ሁሉ በታች ነው፤ ደረጃም የለንም ለእሱ። አንድ ግድግዳ ነው።

"የምሥራቁ ግድግዳ ይቆያል" የሚለው ሰው ማን እንደሆነ በመጀመሪያው ደብዳቤዎ ጽፈውልኛል።

ለእናቴ አልነገርኳትም። ልብሴን ግን መልሼ አጥፌዋለሁ።

ሂዳያ


ሐርጌሳ
መጋቢት 26 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለሂዳያ

ሰላምታዬ እንደ ዘንድሮው ዝናብ ይብዛልሽ።

በዚህ በኩል ታላቅ ዜና አለ፤ የጎረቤቴ የሉል ፍየል መንታ ወልዳለች። አንደኛው ግልገል አፍንጫው ረዝሞ አንቺን ስለመሰለ ስምሽን አውጥተንለታል። ወንድ መሆኑ ኋላ ነው የታወቀው።

ደብዳቤሽ ደርሶ ነበር፤ ነገር ግን ያ ደንቆሮ አቻምየለህ ድንበሩ ላይ ጭቃ ውስጥ ጥሎት ቀለሙ ፈስሶ አንድ ቃል አልተነበበም። ጥሩ ነገር ጽፈሽ እንደነበር እገምታለሁ። እንደገና አትድከሚ፤ ራስሽ መጥተሽ ትነግሪኛለሽ።

ሁለተኛው ጥርስም ሄደ።

ሲራጅ


ኮምቦልቻ
ሚያዝያ 19 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለአያቴ

ወዓለይኩሙ ሰላም።

አቻምየለህን ቤታችን ጠርቼ ጠይቄዋለሁ። ደብዳቤውን በፌስታል ጠቅልሎ በደረት ኪሱ ነው ያሻገረው። የካቲት መጀመሪያ ላይ ሻይ ቤቱ ድረስ መጥቶ በእጅዎ ሰጥቶዎታል። አያንሌ ጮክ ብሎ ሲያነብልዎ እሱም አጠገባችሁ ሻይ ይጠጣ ነበር። ፔርሙሱ ጋ ሲደርስ አልሳቁም አለኝ። ሸሚዙ ጋ ሲደርስ አያንሌ ወረቀቱን ሊያጥፍ ሲል፣ እርስዎ "ጨርሰው" አሉት። ሲጨርስ ደግሞ "ከመጀመሪያው ጀምርልኝ" አሉት። አቻምየለህ ይህን ሲነግረኝ ከዓይኔ ሸሽቶ መሬት መሬቱን ያይ ነበር።

ፓስፖርቴ መጥቷል። የጅዳዋ ደላላ ግንቦት መጨረሻ ላይ ተነሺ ብላኛለች። የእርስዎ መንገድም አልተዘጋም። በየትኛው እንደምሄድ የምወስነው ከመልስዎ በኋላ ነው። ምን እንዳፈረሰው አውቄያለሁ። እንዴት እንደሆነ ይንገሩኝ።

ጥርስዎን አላህ ይተካልዎ። ፍየሏንም ሰላም ይበሉልኝ።

ሂዳያ ሙሰዓብ


ሐርጌሳ
ግንቦት 9 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለልጄ ልጅ ለሂዳያ

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።

መስመሩ ከመስመር ቢጋጭ አትፍረጂብኝ፤ ይህን በአያንሌ እጅ አላስጻፍኩትም። በእጄ እየዳበስኩ ነው የምጽፈው። መነጽሮቹን ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። ዓይኔ ከመነጽር ካለፈ ሦስት ዓመቱ ነው።

የእኛ ሥራ እንዲህ ነው። የተረፈ ግድግዳ ስናገኝ በመዶሻ እጀታ እናንኳኳውና ጆሯችንን እንሰጠዋለን። ግድግዳ መጠየቅ እንለዋለን። ጤነኛው ጥርት ብሎ ይጮኻል፣ የታመመው ያጉረመርማል። በዚህ ከተማ ግን ሌላ ዓይነት ግድግዳ ነበረ። መድፍ የበሳውን ቀዳዳ በጦርነቱ ጊዜ የተጠለለበት ሰው በጭቃና በድንጋይ ይደፍነዋል፣ ከላይ ሲሚንቶ ይለስነዋል። ሲጠይቁት እንደ ጤነኛ ይመልሳል። የሚታወቀው በዓይን ነው፤ በድፍኑ ዙሪያ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ይኖረዋል።

የዚያን ዕለት የምሥራቁን ግድግዳ ጠየቅሁት። መለሰልኝ። "ይቆያል" አልኩ። አባትሽ ቀረብ ብሎ አየና፣ "አባ፣ እዚህ ላይ ስንጥቅ አለች" አለኝ። ሄጄ አየሁ። ምንም አላየሁም። ዓይኔ ያኔውኑ መድከም ጀምሮ ነበር፤ ለማንም አልተናገርኩም። ዓይኑ የደከመ ገማች ማን ይቀጥረዋል?

ሌሎች ሠራተኞች ነበሩ፤ እያዩን ነው። እኔ ደግሞ ታውቂኛለሽ፤ ሰው ሲያየኝ ምላሴ ይረዝማል። "ስንጥቁ ያለው አንተ ልብ ላይ ነው" አልኩት። ሳቁ። "ፋይዛ ስትደፍንህ አሳስታ ነው" አልኩት። አሁንም ሳቁ። እሱም ፈገግ አለ። መዶሻውን አንስቶ ላፍርሰው ሲል፣ "ተወው፤ ወንድ ከሆንክ ጀርባህን ስጠውና ምሳህን ብላ" አልኩት።

እልኸኛ አልነበረም። ስንጥቋን እያወቃት ተቀመጠ፤ አባቱ ተቀመጥ ስላለው። ፔርሙሱን ከጎኑ አኖረ። አንድ ጎርሶ ዋጠ። ሁለተኛውን ሲያኝክ ወደ እኔ ቀና ብሎ "አየህ አይደል፣ ተቀመጥኩ" አለኝ።

ግድግዳው ሙሉውን አልወደቀም። ድፍኑ ብቻ ወጣ፤ በር የምታክል። ድምፁም ተራራ አልደረሰም። አንድ ኩንታል ሲሚንቶ ከመኪና ሲወርድ የሚያሰማውን ያህል ነው። ማዶ ያሉት ሰዎች ዞር ብለው እንኳን አላዩም።

በዚህ ዕድሜዬ ያፈረስኩትን ስትመድቢ ይህን አስገቢው። ሐድራንሽ ለጨረቃ ሙሉ መዳፉን ተጠቅሟል። እኔ ምላሴን ብቻ፤ ያውም ሠራተኛ ለማሳቅ ነው።

ለእናትሽ አንብቢላት። ጅዳ ሂጂ አልልሽም፣ እዚህ ነይም አልልሽም። ይህን ሁሉ ጊዜ ስጠራሽ የነበረው ስንጥቅ የሚያይልኝ ሰው ፈልጌ ነው። አንቺ ከኮምቦልቻ ሆነሽ አየሽው።

ላንቺ ከጻፍኩት ውስጥ አብዛኛው እውነት ነው። ጥርሴ እውነት ነው፤ ዋጥኩት። የፋይዛ ወጥም እውነት ነው፤ በእሱ ላይ ቃሌን አላጥፍም። ፔርሙሱ አለመሰበሩ፣ አምስት እርምጃው፣ ሸሚዙ እውነት ናቸው። ግድግዳ የተናደበት ሰው ሸሂድ፣ ሰማዕት መሆኑን ሼኽሽም አስተምረውሻል፤ እንግዲህ ለአባትሽ ከዚያ በላይ ክብር አያስፈልገውም ነበር።

የፈጠርኩት ቦምቡን ነው። ለእኔ ነበር ያስፈለገኝ።

ሲራጅ